የብሎክ ሦስት አማካይ ክብደት

…ሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ ስትደርስ እህቴ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ከኋላዋ አንድ ጎረቤታችን ጀሪካን እንደያዙ ቆሙ፤ ከእሳቸው ኋላ ሌላ ሰው፣ ከዚያም ሌላ። እሷ ዞር ብላ «እለፉ እንጂ፣ መንገድ ዘጋሁ እንጂ ቀረጥ አልሰበስብም» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሯት እጇ ብረቱን

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለባለሥልጣን የሚጻፍ ደብዳቤ በዚህ አይጀመርም። እንደገና ልጀምር።

ለተከበሩ የሰፈራችን የጤናማ አኗኗር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ ጉልበትዎ ደህና ነው? ይህን የምጠይቀው ስለ ሁላችን ጤና እንዲህ ሲደክሙ ስለ እርስዎ ጤና የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ እንዳያጡ ሰግቼ ነው። እኔ የብሎክ ሦስት አራተኛ ፎቅ ነዋሪ ስሆን ከታላቅ እህቴ ጋር እኖራለሁ። እሷን ላያውቋት ይችላሉ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የምትውለው የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነው፤ ወፍራምም ናት። ቃሉን በድፍረት የጻፍኩት እሷ ራሷ ስለምትለው ነው። የኮሚቴዎ ማስታወቂያ «ከመጠን ያለፈ የሰውነት ክብደት ያላቸው የማኅበረሰባችን አባላት» ይላል፤ እህቴ ይህን ስታነብ «ስሜን እንዲህ ካስረዘሙት እኔንማ ምን ሊያደርጉኝ ነው?» ብላለች።

የተነሣሁት ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ እንዳይዘበራረቅብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. ስለ ሊፍቱ። «መንቀሳቀስ መድኃኒት ነው» በሚለው መፈክርዎ መሠረት የየብሎኩ ሊፍት እንዲቆለፍና ሁላችንም በደረጃ እንድንመላለስ በማዘዝዎ ከልብ እናመሰግናለን። ደረጃ መውጣት ለልብ ጥሩ እንደሆነ እኔም አነባለሁ፤ የውፍረት ነገርም ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሐኪሙ ለእህቴ ሲነግራት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ሐኪሙ ታዲያ ጉልበቷን ዳብሶ ሜዳ ሜዳውን ተራመጂ፣ ደረጃ ግን ይቅርብሽ አላት። እሷም ሰማችው። በየማለዳው በሊፍት ትወርድና ግቢውን ትዞር ነበር፤ መጀመሪያ ግማሹን፣ ኋላ ሙሉውን፣ ከዚያም ከዋናው በር ወጥታ እስከ መጋጠሚያው ድረስ። ስትመለስ ፊቷ ያበራል፤ የዕለቱን ወሬ ሁሉ ይዛ ነው የምትመጣው። ሊፍቱ ከተቆለፈ በኋላ ደረጃውን አንድ ቀን ሞከረችው። ከላይ ጀምሬ ያልጨረስኩት ነገር የዚያን ቀኑ ነው፤ አሁንም መጨረስ አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ አልወረደችም። እናም ክቡርነትዎ፣ እንቅስቃሴን ለማበረታታት የወሰዱት እርምጃ በእኛ ቤት የቀረውን እንቅስቃሴ ከአልጋ እስከ ስፌት መኪና አድርጎታል። አልፎ አልፎ መስኮቱ ጋ ቆማ ግቢውን ስታይ አገኛታለሁ። ስታውቅብኝ ክር እንደምትመርጥ ትሆናለች።

፪. ስለ አትክልቱ። በራፋችን ላይ ካሮትና ቲማቲም ትሸጥ የነበረችውን ሴት ለሰፈሩ ውበት ሲሉ አስነሥተው በቦታዋ ትልቅ የካሮት ሥዕል ስላስተከሉልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ሥዕሉ በእውነት ያምራል። ካሮቱ የሰው ቁመት አለው። «አትክልት ይመገቡ» ይላል፤ ከየት እንደሚገዛ ግን ስለማይል ሰዎች ቆመው ያነቡትና አጠገቡ ካለው ሱቅ ብስኩት ገዝተው ይገባሉ። ያቺ ሻጭ፣ እህቴ በዘገየችበት ማለዳ፣ «የኔ ዙረተኛ የት ቀረች ዛሬ?» እያለች ከታች ትጣራ ነበር። ሥዕሉ አይጣራም። ይህን እንደ ጉድለት እንዳይቆጥሩብኝ።

፫. ስለ አማካዩ። እዚህ ላይ እጄ ይፈጥንብኛል፤ አጻጻፌ ቢበላሽ ይታገሡኝ። በብሎኮች መካከል ውድድር አዘጋጅተው የነዋሪው ሁሉ ክብደት አዳራሹ ደጃፍ ላይ ተመዝኖ፣ ተደምሮ፣ ለሰው ቁጥር ተካፍሎ፣ አማካዩ ዝቅ ያለለት ብሎክ የውሃ ታንከር እንዲሸለም ወስነዋል። ታንከሩ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ውሃው ሁለተኛ ፎቅ እንኳ አይደርስም፤ ጎረቤታችን ነፍሰ ጡሯ አስተማሪ ጀሪካን አንጠልጥላ ስትወጣ ያየ ሰው ታንከሩን ይመኛል። እኔም እመኛለሁ።

ነዋሪው እንደሚያውቁት ብልህ ነው። አንደኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ቀጫጭን የወንድም ልጆቻቸውን ከሌላ ሰፈር አምጥተው አስመዝግበዋል። ብሎክ አምስት ደግሞ ግዙፉን ዳቦ ጋጋሪያቸውን «ትንሽ ይረፍ» ብለው ወደ እናቱ ቤት ሸኙት፤ በሸኙት ሳምንት አማካያቸው ወርዶ እስካሁን ከተመዘኑት አንደኛ ወጡ፤ እርስዎም «ለአኗኗር ለውጥ ላሳዩት ትጋት» በድምፅ ማጉያ አስጨበጨቡላቸው። አንድም ሰው ሳይቀጥን ብሎክ ሙሉ የሚቀጥንበትን ዘዴ ያገኙ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከዚያ ወደ እኛ መጡ። የሦስተኛ ፎቋ ፋርማሲስትና ሁላችን ጋሼ ፍሬን የምንላቸው ጡረተኛ ሾፌር። ተቀመጡ። መጋረጃውን አደነቁ። ስለ አየሩ አወሩ። ጋሼ ፍሬን ወለሉን ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ ፋርማሲስቷ «እትዬ፣ ልጅዎ አልናፈቀችዎትም? ሄደው ትንሽ ቢያርፉ… ምዘናው እስኪያልፍ ብቻ» አለቻት።

እህቴ መቀሷን አስቀመጠች። «እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር እንደሚገፋ ኮተት ሆንኩ በሉኛ!»

«ኧረ ምላሴ ይቆረጥ!» አሉ ጋሼ ፍሬን። «ለውሃው ብለን እኮ ነው።»

«ለውሃውማ እኔስ አልጠጣም እንዴ፣ ጋሼ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ክቡርነትዎ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ የእኛን ውሃ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጡልን እኚሁ ጋሼ ፍሬን ናቸው። ያን ቀን ደረጃው ላይ ከእህቴ ኋላ የቆሙትም እሳቸው ነበሩ፤ ጀሪካኑም የእኛ ነበር። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ተቆጥተን በተገላገልን። እንዲህ ያሉትን ሰው ለእንዲህ ያለ መልእክት ማብቃት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ኮሚቴዎ ግን ችሎታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ እህቴ ምግቧን ከግማሽ አታሳልፍም። ለምን ስላት ሳህኑን ወደ እኔ እየገፋች «ለኮሚቴው አስቀምጥላቸው» ትለኛለች። ስትስቅ አያለሁ። ስትበላ ግን አላይም።

፬. አራተኛም ነበረኝ። ታች ድምፅ ማጉያውን መሞከር ጀመሩ፤ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ይላል፤ ዛሬ የብሎክ ሦስት ተራ ነው። ሐሳቤ ተበተነብኝ። አራተኛውን ባዶ ትቼልዎታለሁ፤ እርስዎ የሚሞሉበት አያጡም።

ልመናዬ አጭር ነው። ሊፍቱን ያስከፍቱላት። ሻጯን ይመልሱልን። እህቴን ማወዳደር የግድ ከሆነም አምና ከነበረችው ከራሷ ጋር ያወዳድሯት እንጂ ለጎረቤት አያካፍሏት።

ቢሮዎ ምድር ላይ በመሆኑ የደረጃ ጣጣ የማያገኝዎ እርስዎ፣ እስከ መጨረሻው በሙሉ ጤንነትና በቀጭን ወገብ እንዲያገለግሉን እየተመኘሁ፣ ይህችን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነባት ከውጤት ሰሌዳዎ አጠገብ እለጥፋታለሁ።

ከአማካዩ ትንሽ ከፍ ባለ አክብሮት፣
የልብስ ሰፊዋ ወንድም፣ ከብሎክ ሦስት

ማስታወሻ፦ ከቤት የጎደለ ሰው ስንት ኪሎ እንደሚከብድ የሚያሳይ ሚዛን ካለዎት ለጥቂት ቀን ቢያውሱን ውለታዎ አይረሳም። ይህን ስጽፍ እህቴን ሊወስዳት የመጣው የልጇ ባል ታች መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክስ እያደረገ ነው። ማታ እሺ ብላ ያዘጋጀችው ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ድምፅ ማጉያው ብሎክ ሦስትን ይጠራል፣ ደግሞ ይጠራል። አሁን እህቴ ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ከክፍሏ ወጣች። ሻንጣው ጋ ደረሰች፤ ሳታነሣው አለፈችው። «እትዬ» አልኳት። «ቁጭ በል፣ ደብዳቤህን ጨርስ፤ ሚዛኑ እኔን ነው የሚጠራው» አለችኝ። በሩ ተዘጋ።