የእመቤት ፔትሮና አሟሟትና አሥራ አንዱ እንቁላል

ውድ እትዬ ሊጋያ፣

ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። እመቤት ፔትሮና በደረሰባቸው ድንገተኛ አደጋ፣ ዘመድ ወዳጅ እጃቸውን ሳይዝ፣ ከገበያው ፊት ለፊት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለትዳርና የብዙዎች እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ቀዩ አውራ ዶሮ ኀዘኑን በሚገባ ተወጥቶ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሌላ አግብቷል።

የሞቱት ዛሬ አይደለም። ወር አልፏቸዋል።

አሁን እየቆጠርሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ባለፉት አራት እሑዶች ፎቶዋን የላክህልኝ ዶሮ የማን ናት ትዪኛለሽ። የጎረቤታችን የወይዘሮ ባስያንግ ናት። ሁለተኛው እሑድ ላይ «ወፍራለች» አልሽኝ፤ «ናፍቆትሽ ነው» አልኩሽ። ሦስተኛው ላይ «አንገተ መላጣዋ ዶሮዬ ላባ አበቀለች እንዴ?» አልሽ፤ «ብርድ ስለሆነ ሻርፕ አድርጌላት ነው» አልኩ። ሳቅሽ። አንቺ የሳቅሽለት ውሸት አያስጠይቅም ብዬ ቀጠልኩ። ይህን ወረቀት የያዘችልሽ የወይዘሮ ባስያንግ ልጅ የእናቷ ዶሮ ታይዋን ድረስ መታወቋን አታውቅምና አትንገሪያት።

በስልክ ያልነገርኩሽ ምክንያት አለኝ። ስልክ ላይ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ ዝም ማለትሽ ግዴታ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩት ለዚህ ቀን ነው።

የገጫት ጂፕኒ፣ ያ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ነው፤ መንገዱ ላይ ያደረስኳት ግን እኔ ነኝ። የአጎታችን ልጅ ሩፎ ባለ ሦስት እግር ሞተሩን በራችን ላይ አቁሞ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ፔትሮናን በሻሽሽ ጠቅልዬ፣ የእማዬን የእርሻ ባርኔጣ ደፍቼላት፣ ከጎን ያለው የተሳፋሪ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና መቀመጫውን ደበደብኩ። ሩፎ ባነነ። ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ «ወዴት ነዎት እትዬ?» አላት። «ገበያ ነው?» አላት። ፔትሮና ጉሮሮዋን ጠረገች። ለእሱ በቂ ነበር፤ ነዳ።

እኔ በብስክሌት ከኋላ እየተከተልኩ በሳቅ ልሞት ነበር። ገበያው ጋ ሲደርስ «ውረዱ» ሊል ዞረና ከባርኔጣ ሥር የሚያየውን ፊት አየ። ጮኸ። እሷም ጮኸች፤ ከሻሹ ወጥታ የሚመጣው ጂፕኒ ፊት በረረች። የሞተችው እሷ ነች።

ቀበርናት ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። አያታችን አባባ ሴንዶ በአረንጓዴ ፓፓያና በዝንጅብል ሾርባ ሠሯት። ሁለት ሳህን በላሁ። ይኸንንም ተናግሬ ልገላገል።

ከእማዬ እጅ የቀረችው እሷ ብቻ እንደነበረች አትንገሪኝ። አውቃለሁ። እማዬ ስታርፍ ዶሮዎቹ አሥራ ሰባት ነበሩ፤ በሽታው ጠራርጎ አንዷን ተወልን። አንቺም ወደ ታይዋን ስትሄጂ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ «አደራ» ያልሽው ስለ እሷ ነው። ለእኔ «ጥርስህን ፋቅ» ብቻ ነው ያልሽኝ።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ሥር ባለው በተሰነጠቀው ሳፋ ውስጥ አሥራ አንድ እንቁላል አገኘሁ። ገና መታቀፍ አልጀመረችም ነበር፤ እንዲህ ከሆነ እንቁላሉ ቢቀዘቅዝም አይሞትም፣ ሙቀት እስኪያገኝ ይጠብቃል። እዚያው ቁጢጥ ብዬ ወሰንኩ። «ፔትሮና ሞተች» ብቻ ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም። «ፔትሮና ሞተች፤ ግን» ብዬ መጻፍ አለብኝ። ያን አንድ «ግን» ፍለጋ ነው ሃያ ሁለት ቀን የዘገየሁት።

በመጀመሪያ ወይዘሮ ባስያንግን የምታቅፍ ዶሮ እንድታውሰኝ ለመንኳት። «የአንተ እንቁላል ከሆነ ውስጡ እንቁራሪት አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አምና ነበረበት። ስለዚህ ዓሣ ሻጮቹ ከጣሉት ውስጥ ነጭ የፎም ሳጥን አመጣሁ፤ አምፖል ገጠምኩበት፤ ቴርሞሜትር አንጠለጠልኩ፤ ጥግ ላይ ውሃ በሳህን አኖርኩ። እንቁላሎቹ ላይ በአንድ ጎን ክብ፣ በሌላው ጎን ኤክስ በእርሳስ ጻፍኩ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ስገለብጣቸው የቱ ዞሮ የቱ እንዳልዞረ እንዳይጠፋኝ ነው። የቤት ሥራ በዚህ ዓይነት ትጋት ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዳኛ ነበርኩ።

አባባ መጡና ሳጥኑን ከበላዩ ቆመው አዩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን ፊታቸውን አይተሽው ቢሆን አንቺም አትችዪም። አባባ ማለት አባታቸውም አያታቸውም የባሎት ሰዎች የነበሩ፣ ራሳቸውም ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ የዳክዬ እንቁላል በሞቀ ሩዝ ውስጥ ቀብረው ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ባሎት ማለት አሥራ ስምንት ቀን ማሞቅ፣ ውስጡ ያለው ጫጩት አጥንቱ ሳይጠነክር መቀቀል፣ በጨውና በኮምጣጤ ማቅረብ። እኛ ቤት ስንት መቶ ሺህ እንቁላል እንደሞቀ እግዜር ይወቀው፤ አንድ እንኳ ተፈልፍሎ አያውቅም። የተፈለፈለ እንቁላል ማለት ረስተኸው የተበላሸ ሥራ ማለት ነው።

«አዲሱ የባሎት አሠራር ነው አባባ» አልኳቸው። «ሩዝ ድሮ ቀረ። ከእርስዎ የተሻለ ልሠራ ነው።»

«በአምፖል?»

«በአምፖል።»

አንድ እንቁላል አነሱና በጨፈኑት ዓይናቸው ቆብ ላይ አሳረፉት። «ሙቀት ጎድሎታል» አሉ። ቴርሞሜትሩን አየሁ። አንድ ዲግሪ ጎድሏል። ተናድጄ አምፖሉን ዝቅ አደረግኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጡ አንዱን ዓይናቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ «ህም» ብለው ይሄዳሉ። እኔ «ህም»ን ወደ ዲግሪ መለወጥ ተማርኩ።

በሰባተኛው ቀን በሩን ዘግቼ በስልኬ መብራት አየኋቸው። ሁለቱ ባዶ ነበሩ። ዘጠኙ ውስጥ ቀጫጭን ቀይ ክር ተዘርግቶ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ነጥብ እየዘለለች ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ቁም ነገር እየሠራሁ እንደሆነ ካወቀ ወደፊት ማን ይስቅልኛል።

አሥራ ስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቁላሉ አይገለበጥም፤ ክዳኑም አይከፈትም። እኔ የሩፎን ሞተር ሳጥብ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠብ በእመቤት ፔትሮና ጉዳይ የተበየነብኝ ቅጣት ነው። ቀትር ላይ ስመለስ አባባ በርጩማቸው ላይ፣ ጨው በሳህን፣ ኮምጣጤ በብርጭቆ ይዘው ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ቅርፊት አለ።

«አበላሽተኸዋል» አሉኝ ገና ደፉን ሳላልፍ።

«ምኑን?»

«ዙሩን ነዋ። አጥንት አለው፣ ምንቃር አለው። ይሄን ላባ ተመልከተው። ይሄን ለሰው አቅርበህ በሐይቁ ዙሪያ ባለው መንደር ሁሉ ስማችንን ልታጠፋ ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። የባሎት ባለሙያ ከየዙሩ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሦስት ቀቅሎ ይቀምሳል፤ ካለፈለት የቀረው ይቀቀላል። አባባ ሥራውን ከተዉ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ግን አልሰማም። እኔው ባሎት ነው አልኳቸው፣ እሳቸው እንደ ባሎት ቀመሱልኝ።

«አባባ፣ የዶሮ ነው እኮ።»

«የዶሮ መሆኑንማ ምላሴ ነግሮኛል። ዶሮ መቼ እንደ ዳክዬ በሃያ ስምንት ቀኑ ይወጣል? ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ለዚህ ነው አበላሽተኸዋል የምልህ።»

«የፔትሮና ነው።»

ማኘካቸውን አቆሙ። ሦስተኛው እጃቸው ላይ ግማሽ ነበር።

«ፔትሮናን በልተናት የለ?»

«እሷን በልተናታል። እነዚህ የቀሩት ናቸው። ለሊጋያ ነበር።»

ሦስተኛውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ጨዉን ከጣታቸው አራገፉ፣ ከዚያ እንደገና አራገፉ፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ጨው አልነበረም።

«ስጠይቅህ ምን አልከኝ?» አሉ።

«ባሎት ነው አልኩ።»

«እኔ ምን ላድርግህ ታዲያ?»

ሳጥኑን አየሁ። አምፖሉ ጠፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ስድስቱን ፍለጋ ክዳኑን ገለበጥኩ፣ የውሃውን ሳህን አነሳሁ። አባባ በከንፈራቸው ወደ ምድጃው ጥግ ጠቆሙኝ። አሮጌው የቀርከሃ ቅርጫት ክዳኑ ተከድኖ ቆሟል። ከፈትኩት፤ እስካፉ የሞቀ ያልተፈተገ ሩዝ ነው። እጄን ሰደድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት ቆጠርኩ። አንዱን አውጥቼ ዓይኔ ላይ አሳረፍኩት። ሞቋል።

«ቅምሻው እስኪያልቅ የቀረውን የሚያቀዘቅዝ ባለሙያ የለም» አሉ፣ ተቆጥተው።

ወደ ሳጥኑ መለስናቸው፤ አምፖሉን አበራሁ።

«አሁን ምን እናደርጋለን?» አሉኝ።

«ምንም።»

«እስከ መቼ?»

«ሦስት ቀን።»

እንቁላል ሳያገላብጡ ሦስት ቀን መዋል ምን እንደሆነ ከእሳቸው ፊት ተማርኩ። በርጩማቸውን ሳጥኑ አጠገብ አምጥተው ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር አድርገው ተቀመጡበት። ቀልድ ፈልጌ «ቂጥዎ ሥር እንቁላል ላስገባልዎ?» አልኳቸው። አልሳቁም። ሃያ አንደኛው ቀን ምንም ሳይታይ አለፈ። ማታ ሩዝ ሲበሉ «የሚወጡት እነዚያ ሦስቱ ይሆኑ ነበር» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሳህኑ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ልጽፍልሽ ጀመርኩ፤ «ፔትሮና ሞተች» ብዬ ጻፍኩና ከዚያ ወዲያ የሚጻፍ ስላጣሁ አጠፋሁት።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ድምፅ ሰማን። ስንጥቅ የለም፤ ድምፁ ብቻ ነው፣ ከውስጥ። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እያወራ ነው» አሉ።

«ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንዱም አናግሮኝ አያውቅ።»

አንዱ እንቁላል ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ ወጣች። ከውስጧ ጫፍ ምንቃር ታየ፣ ተመለሰ፣ ጠፋ። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ክዳኑን ከፍቼ በጥፍሬ ትንሽ ላስፋለት ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አባባ እጄን በጥፊ መለሱት፤ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ የሚፈጥኑ አልመሰለኝም ነበር።

«ሊሞት ነው እኮ አባባ፣ ደክሞታል።»

«ተወው። ሰባ ዓመት ስከፍትላቸው ኖሬያለሁ። አንድም የቆመ አላየሁም።»

ስለዚህ ተውኩት። ማዕበል ያመጣው ዝናብ ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ቅርፊቱ ዙሪያውን ተቆርጦ እንደ ክዳን ተነሳ፣ አንድ የረጠበ ነገር ወድቆ ወጣ። አያምርም። ከአሁን በፊት ቢሆን «የሩፎ ልጅ ነው» እል ነበር። አንገቱ መላጣ ነው፤ ዘሩን ታውቂዋለሽ። በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛዋ ተከተለች፣ እሷ ባለ ላባ ናት፣ አባቷን መስላለች። አራቱ አልወጡም። ሁለት ቀን ተጨማሪ ጠበቅናቸው፤ ከዚያ አባባ ራሳቸው ወስደው ከሙዙ ሥር ቀበሯቸው። በዚህ ቤት እንቁላል ሲቀበር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስንመለስ በመንገድ ላይ «ዳክዬ ሃያ ስምንት ነበር አይደል የምንለው?» አሉኝ። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አልኩ። ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ ስምንት በጣታቸው ቆጠሩ። «አሥር ቀን» አሉ። መነኮሱ ብለሽ ግን እንዳታስቢ፤ በማግስቱ ባሎት ሻጩ ሲያልፍ ጠርተው ሁለት በሉ፣ ጨው አነሰው ብለውም ተጣሉት።

አሁን ሁለቱ ጫጩቶች እሳቸውን ነው የሚከተሉት። እኔ ነኝ አሥራ ስምንት ቀን ያገለበጥኳቸው፣ ዘወር ብለው አያዩኝም። አባባ እንዳይረግጧቸው ፈርተው ግቢው መሐል እንደ ምሰሶ ይቆማሉ፤ «ና ውሰድልኝ እነዚህን» ይሉኛል፣ ልወስድ ስመጣ ደግሞ «ቀስ በል፣ አታስደንግጣቸው» ይሉኛል። ስም አላወጣንላቸውም። «ባለቤቷ ታውጣ» ብለዋል፤ እኔ ያቀረብኳቸውን አራት ስሞች በሙሉ በቤተ ክርስቲያን ፊት የማይጠሩ ናቸው ብለው ጥለውብኛል። ስለዚህ ሁለት ስም ላኪልን።

ስትቆጪ ሙሉውን ተቆጪ፤ አላቋርጥሽም። ሩፎም ሞተሩ ሊታጠብ ከሚገባው በላይ እንደታጠበ ይመሰክራል።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ስጀምረው ትልቅ ጉዳይ መስሎኝ አራት ገጽ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። አሁን ሳነበው አንዲት ዶሮ መኪና ገጫት፣ አንድ ሽማግሌ ሦስት እንቁላል በሉ፣ ሁለት ጫጩት ተፈለፈሉ። በየመንደሩ በየሳምንቱ የሚሆን ነው፤ በአውቶቡስ ላይ ሆነሽ አንብበሽ ሳትወርጂ የምትጨርሺው ነገር ነው።

የአንቺው ታናሽ፣
ኔስቶይ