ከሽፋኖቹ ጀርባ

ውድ ወንድሜ አውራ ጣት፣

በዚህ ስም ከጠራሁህ ቆየሁ። ጆይስቲኩን ከእጄ አላወርድም ብለህ አውራ ጣትህ ውሃ የቋጠረ ጊዜ እማዬ ናት ያወጣችልህ። ዛሬ ኮስተር ብዬ በደንቡ ስምህ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ተናድጄብህም አውራ ጣት ነህ፣ ምን ላድርግ።

ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። ብደውልልህ ሁለት ቃል ሳልናገር «እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ ልደውል» ትለኛለህ። ፊት ለፊት ከመጣሁ ደግሞ ታስቀኛለህ፤ ከሳቅኩ በቃ፣ አለቀልኝ። ስለዚህ ተቀመጥና አንብብ። እስከ መጨረሻው ሳትደርስ ከወንበርህ እንዳትነሣ። ሳሎንህ ወዳለው የመስታወት ቁም ሣጥን የምትሄድበትን ሰዓት እኔ እነግርሃለሁ።

ከፍርዱ ልጀምር። እኔ አሥራ ሦስት፣ አንተ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። በመኪና ውድድሩ ጌም ተጣልተን፣ አንተ ፀጉሬን እኔ ጆሮህን አንቀን ይዘን እማዬ ከሥራ ገባች። ነጭ ጋወኗን እንኳን ሳታወልቅ ያኔ የነበሩንን አሥራ አንድ ጌሞች ወለሉ ላይ ደረደረቻቸው። ሲዲዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ለአንተ ሰጠችህ። የፕላስቲክ ማቀፊያዎቹን ከነሽፋን ወረቀታቸው ለእኔ ሰጠችኝ። «ሲዲው ያለ ማቀፊያው ይጫጫራል፤ ማቀፊያው ያለ ሲዲው አይጫወትም። እንግዲህ ተፈላለጉ» አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች። አንተ ምላስህን አወጣህብኝ። እኔ ባዶ ፕላስቲክ ታቅፌ ተንሰቀሰቅኩ።

የደረሰኝ ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እማዬ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በየፓኬቱ ላይ ስትጽፍ ትውልና ቤት ስትገባም እጇ ማቆም አያውቅም። ጌም በገዛችልን ቁጥር ሽፋን ወረቀቱን ከፕላስቲኩ ትመዝና ከጀርባው፣ ነጩ ላይ፣ ልክ እንደ መድኃኒት ትጽፍበታለች። የተሰጠበት ቀን፣ አወሳሰድ፣ ማስጠንቀቂያ። የመኪናው ላይ፦ «በቀን አንድ ሰዓት፣ ከቤት ሥራ በኋላ።» የኳሱ ላይ፦ «ለሁለት ሰው። ለብቻ አይወሰድም።» የዋሻው ላይ፦ «ሲመሽ አይወሰድም። ትንሹ ይፈራል። ትልቋም ትፈራለች፣ ግን አትናገርም።»

ከታች ጥጉ ላይ ደግሞ የሚያበቃበት ቀን። «እስከ ፈተና ሳምንት» ካለች እስከ ፈተና ሳምንት ነው። ቀኑ ሲደርስ ማጫወቻውን ከነገመዱ ትሰበስበዋለች። እግሯ ላይ ተጠምጥመን «አንድ ቀን ብቻ ጨምሪልን!» ብለን ስንለምናት መልሷ አንድ ነበር። «ጊዜው ያለፈበት አልሰጥም።» ለአንድ ቀን እንኳን ንቅንቅ ብላ አታውቅም፤ ታስታውሳለህ።

ጌሞቹ ሠላሳ አንድ ደረሱ። አንተ ማተሚያ ቤት ገብተህ ቀለም ቀማሚ ሆንክ፣ እኔ የልብስ ስፌት ሱቄን ከፈትኩ፤ ፍርዱ ግን አልተሻረም። ቅዳሜ ከሰዓት አንተ የሲዲ አቃፊህን ብብትህ ውስጥ ወትፈህ ትመጣለህ። አቃፊውን የሰፋሁልህ እኔ ነኝ፤ ሲዲው እንዳይጫር ከኮት ገበር፣ ሠላሳ አንድ ኪስ ያለው። ማቀፊያዎቹ ከስፌት መኪናዬ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ማጋደም የለ፣ መደራረብ የለ። ከኋላቸው እማዬ ከክኒን ጠርሙስ ውስጥ እየለቀመች ያመጣችልን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ደንበኛ ሁሉ ቀና ብሎ ያይና «ፊልምም ታከራያለሽ እንዴ?» ይለኛል።

«ኧረ ባዶ ናቸው።»

«ባዶ ከሆኑ ምን አስደረደረሽ?»

«ሲዲው ቅዳሜ ይመጣል» እላለሁ። ያበድኩ የመሰላቸው አልጠፉም።

ሠላሳ አንደኛውን እማዬ ያመጣችው ታማ ከመተኛቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። አንተ ራሰ በራ መሆን ጀምረሃል፣ እኔ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኛል፤ እሷ ጌም ገዝታ መጣች! ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ያገኘችው ያረጀ ነገር፤ ሁለት መርከበኞች አንድ ጀልባ እየቀዘፉ የሚሄዱበት፣ አንዱ ካቆመ ጀልባዋ ባለችበት የምትሽከረከርበት። ከጀርባው የጻፈችውን ጭንቅላታችንን አጋጥመን አነበብነው። «ለሁለታችሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ። ተሻለን ብላችሁ እንዳታቋርጡ።» ጥጉ ላይ ምንም የለም።

«የሚያበቃበትን ቀን ረሳሽው» አልካት።

«አልረሳሁም» አለችህ።

እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። አምና የሱቄ መስኮት ፀሐይ የሽፋኖቹን ጠርዝ ማገርጣት ጀመረ። የመኪናው ቀይ ወደ ሮዝ ሊሄድ ዳር ዳር ሲል መጀመሪያ ያየኸው አንተ ነህ፤ ቀለም ከአንተ ዓይን አያመልጥም። «እትዬ፣ ወረቀቶቹን ስጪኝ። ማተሚያ ቤት ወስጄ ስስ ላስቲክ ላልብሳቸው፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው» አልከኝ። ሠላሳ አንዱንም መዝዤ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁህ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አመጣሃቸው፤ የሚያብረቀርቁ፣ ቀያቸው የበሰለ ቀይ። ማቀፊያዎቹ ውስጥ ራስህ ነህ የመለስካቸው። «ጎሽ የኔ ወንድም! እንዴት አድርገህ አሳመርካቸው!» ብዬ ግንባርህን ሳምኩህ። አንተ አንገትህን ደፋህ። ትሕትና መስሎኝ! እኔ ጅሏ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎችህ ሳሱ። አንዴ ራስ ምታት፣ አንዴ ትርፍ ሥራ፣ አንዴ ዝም። አዲሱን ቤትህን እንዳይ ስትጠራኝ ደስ ብሎኝ ሁለት ትራስ ሰፍቼ መጣሁ። ገና ከበሩ ሳልርቅ ቁም ሣጥኑ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ባለ መስታወት፣ በየመደርደሪያው መብራት የበራበት። ውስጡ ጌሞቻችን፤ ሲዲም፣ ማቀፊያም፣ ሽፋንም፣ ሁሉም ሙሉ። «አዳዲስ ማቀፊያ ገዝቼ ኮፒ አትሜላቸው ነው» አልከኝ ሳልጠይቅህ። ኮፒ ከሆነ እሺ አልኩ በልቤ። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽህም። እኔ ሳላስፈልግህ መጫወት ቻልክ ማለት ነው።

መነጽራሙ የሥራ ባልደረባህ መጥቶ ነበር። መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ «እንዴ! ኦሪጅናል ናቸው እንዴ ሁሉም?» አለህ። «ሁሉም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ በአንድ የለቀምኳቸው ናቸው» አልከው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ «አንቺስ ትጫወቺ ነበር?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት አንተ ቀደምከኝ። «ኧረ እሷ! እሷ ከመርፌና ክር ሌላ ምን ታውቃለች!»

ሳቃችሁ። እኔም ሳቅኩ፤ እግዜር ያሳይህ፣ እኔም ሳቅኩ። የዋሻውን የመጨረሻ በር ማን ከፈተልህ? አንተ ትራስ ስር ተደብቀህ «አለፍሽ? አለፍሽ?» እያልክ ማን ነበር ላብ በላብ ሆኖ የሚያሳልፍህ?

ሰውየውን ልትሸኝ ስትወጣ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። የመኪናው ጠርዝ ወደ ሮዝ ያደላ ነበር። ያንን ሮዝ አውቀዋለሁ፤ የእኔ መስኮት ፀሐይ የሠራው ነው። የልብስ ሰፊ አመል አለብኝ፣ የያዝኩትን ሁሉ ገልብጬ ሳላይ አላስቀምጥም። ወረቀቱን መዘዝኩና ገለበጥኩት። «በቀን አንድ ሰዓት፣ ከቤት ሥራ በኋላ።» እስክሪብቶዋ ወረቀቱን የተጫነበት ስርጉድ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። መልሼ አስገባሁት። ስትመለስ «ቤትህ ያምራል» አልኩህና ወጣሁ።

ሱቄ ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ሠላሳ አንዱንም መዘዝኩ። ፊታቸው የበሰለ ቀይ፣ ጀርባቸው ነጭ። ሁሉም ነጭ፣ ባዶ። የማንም ደንበኛ ልብስ ሳልገለብጥ አልቀበልም፤ አንተ ያመጣኸውን ግን ወራት ሙሉ ከጭንቅላቴ በላይ ሰቅዬ አንድ ቀን አልገለበጥኩትም። የወንድሜ እጅ ነዋ የመለሰው! ኮፒውን ለራስህ አድርገህ የእማዬን እጅ ጽሑፍ ለእኔ ብትተውልኝ ምን ነበረበት? እሺ፣ ጀርባውንስ አብረህ ብታትምልኝ? ማሽኑ እጅህ ላይ ነው። «እትዬማ አትገለብጠውም፣ ታምነኛለች» ብለህ ነው። ልክ ነህ፣ አምኜህ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ አለቀስኩ። የአንዷን ደንበኛ እጅጌ አዙሬ ሰፋሁት። ከዚያ ግን ራሴን እንዲህ ብዬ አጽናናሁት፦ እሱም እናቱ ሞታበታለች። ከእሷ የተረፈው ጽሑፍ ሁሉ እህቱ ዘንድ ነው፤ ስጪኝ ለማለት አፈረ። እማዬን ፈልጎ ነው። እማዬን ፈልጎ ከሆነማ ምን እላለሁ፤ የሁለታችንም ናት።

ሁለተኛ የመጣሁት መጋረጃ ይዤ ነው። ትዝ ይልሃል? ያ ባለ ድርብ ገበሩ፣ «ፀሐይ ቁም ሣጥንህን እንዳይበላው» ያልኩህ። አንተ መሰላል ልትዋስ ጎረቤት ስትሄድ የመርከበኞቹን ማቀፊያ ከፈትኩ። የእማዬን ወረቀት አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ አንተ የሰጠኸኝን ኮፒ በቦታው አስገባሁ። ሌባ ነሽ ካልከኝ እሺ፣ አብረን ሌባ እንባል። የኮፒው ጀርባ ግን ያኔ ባዶ አልነበረም። ቤቴ ሳለሁ ጽፌበት ነው የመጣሁት፣ ልክ እንደ እሷ፣ በቀኑ፣ በአወሳሰዱ።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። እናቱን የናፈቀ ሰው እናቱ የመጨረሻ የጻፈችውን አውጥቶ ማንበቡ አይቀርም፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ብዬ። ፈተንሽኝ በለኝ፤ አዎ ፈተንኩህ። በነዚህ ወራት ሁለት ጊዜ ደወልክልኝ። መጀመሪያ ስልኩ ላይ ስምህን ሳይ አነበበው አልኩ፤ «እትዬ፣ ሱሪ ማሳጠር ነበረብኝ» አልከኝ። ሁለተኛው ጊዜ መቀሱን ከእጄ ጥዬ ነው ያነሣሁት። «መጋረጃው በሙቅ ውሃ ይታጠባል?» አልከኝ። «በቀዝቃዛ» አልኩህ። መጋረጃውን ስታወርድ ከቁም ሣጥኑ የአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርክ።

አልከፈትከውም። መርከበኞቹን አልተጫወትክም፣ ወረቀቱን አልመዘዝክም፣ እሷን አላነበብካትም። እማዬን ፈልገህ ቢሆን ሁሉን ችዬ ዝም ባልኩ ነበር። ለካ የፈለግከው መነጽራሙ «ኦሪጅናል ናቸው እንዴ?» ሲልህ «ሁሉም» ለማለት ብቻ ነው። አውራ ጣት፣ ያቃጠለኝ መስረቅህ አይደለም። የሰረቅኸውን አለማንበብህ ነው።

አሁን ተነሥ። ሁለተኛው መደርደሪያ፣ በስተቀኝ የመጨረሻው። ሲዲውን ጠርዙን ይዘህ አውጣው፣ እንዳይጫርብህ። ከዚያ ወረቀቱን መዝዘህ ገልብጠው። ጀርባው ላይ ምን እንደምታነብ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፦

«ለአውራ ጣት። አይቻለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ። ደውልልኝና በየተራ እንያዛቸው። ቅዳሜን አታቋርጥ።»

ስጽፈው ከልቤ ነበር፤ አንዱንም ቃል አልክድም። ግን ጥጉን እይ። የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ከተጻፈበት ስድስት ወር። «አንድ ቀን ብቻ ጨምሪልኝ» ብለህ እንዳትደውልልኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለህ።

ማቀፊያዎቹን ዛሬ ጠዋት ከመደርደሪያው አወረድኳቸው። አንዲት ደንበኛ ገብታ «ውይ፣ ፊልሞቹስ?» አለችኝ፤ ሥራዬን ቀጠልኩ። የእማዬን የመጨረሻ ወረቀት ከስፌት መኪናዬ በላይ ለጥፌዋለሁ፣ ጀርባው ወደ ፊት ሆኖ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ። እሱ የሚያበቃበት ቀን የለውም። የእኔው ግን ነበረው፤ ትናንት አለፈ።

እህትህ