ከተቆለፈው አዳራሽ ለኮረብታው አስተዳዳሪ

ለተከበሩ የቬላንጉንዱ ኮረብታ የአምላካችን የሙሩጋን መቅደስ ዋና አስተዳዳሪ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ያን ሁሉ ሕዝብ ቆልፎ ማዋል ድካም አለውና ወገብዎን ያጽናልዎ እያልኩ፣ እኔ ፑንጎዲ የተባልኩ ምዕመን ባለፈው ማክሰኞ ከአማቴ ከወይዘሮ ቼላማል ጋር መጥተን ስለተደረገልን መስተንግዶ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ። የአማቴ ዓይን እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙ ከመጪው ዝናብ እንደማያልፍ ቁርጡን ነግሮናል። እሳቸውም «ሳይጨልምብኝ አንዴ የሙሩጋንን ፊት ልየው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብለው ስለተሳሉ ነው፣ በዚያ ጉልበታቸው ደግፌ ኮረብታውን ያወጣኋቸው።

አንደኛ፣ ስለ መጠበቂያ አዳራሹ። ከብት በረት የሚዘጋበት ሲመሽ ነው፤ እኛ ግን ገና በጠዋቱ ከፊትም ከኋላም የብረት በር ተቆልፎብን፣ ላብ ለላብ ተጣብቀን እንድንጸልይ ስላመቻቹልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አማቴ ሽንት ቤት አስፈልጓቸው ዘበኛውን ቢለምኑት፣ በፍርግርጉ ማዶ ሆኖ «እማማ፣ ለእኔ የተሰጠኝ መጠበቅ ነው። መክፈት የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ እሱ ደግሞ ምሳ ሄዷል» አላቸው። አጠገባችን በሙዝ ቅጠል የቋጠረችውን ሩዝ የምትበላ አንዲት ሴትዮ «ሩዙን ዘርቶ አጭዶ ነው እንዴ የሚበላው?» ስትል አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ አማቴ ግን መሳቅ እንኳ አልቻሉም። ባለ ቁልፉ ሲመለስም የወጣ ሰው ተራው ይቃጠላል ስላለን፣ አማቴ ከንፈራቸውን ነክሰው ቻሉት።

ሁለተኛ፣ የአንድ ባለሥልጣን ቤተሰብ አበባ ተሸክሞ፣ ከበሮ እየተመታለት፣ በጎን በር ሲገባ በፍርግርጉ አየን። ለካ ምሳ የሄደው የእኛ ቁልፍ ብቻ ኖሯል። እንግዶችዎ ዘና ብለው እስኪሳለሙ ድረስ የእኛ መስመር ቆመ፤ ማን እንደሚቀድም ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ ስለ መሳለሚያው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመጨረሻ ከአምላካችን ምስል ፊት ደረስን። እዚያ ያቆሙት ሠራተኛ «ይለፉ፣ ይለፉ» እያለ ሰዉን ትከሻውን እየያዘ ይገፋል። አማቴ ከልጅነታቸው እንደለመዱት፣ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ እጃቸውን ከአናታቸው በላይ ገጥመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ሁሉ ቀን ሊያዩት ቆመው፣ ፊቱ ሲደርሱ ጨፈኑ! «እማዬ፣ ዓይንዎን ይግለጡ!» ብዬ ብጮህ ደወሉ ዋጠኝ። ሠራተኛዎ ገፋቸው፤ ሲገልጡ የታያቸው የመውጫው ግድግዳ ነበር።

ተመልሰው አንድ አፍታ ብቻ እንዲያዩ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። መመለሻ እንደሌለ፣ ከፈለግን ከታች እንደገና መሰለፍ እንደምንችል በጨዋነት ነገረኝ። አማቴ ክንዴን ይዘው «ተይው ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ። ክንዴን ሳይለቁ እስከ አውቶቡሱ ወረድን።

የሰው ትከሻ እየቆጠሩ ለሚያስተዳድሩት ለእርስዎ፣ ዕድሜና ሹመት እየተመኘሁ፣ በመቅደስዎ በር ከተገፉት መካከል እጅግ ትሑቷ፣

ፑንጎዲ

ማሳሰቢያ፦ አማቴ በየማታው «ያን ዕለት ሙሩጋንን በምን አስጊጠውት ነበር፣ በአበባ ነው በብር ጌጥ?» ይሉኛል። እኔ እንዳልመልስ፣ ያን ሰዓት የማየው ትከሻቸውን ይዞ የሚገፋውን እጅ ነበር። ሠራተኛዎንም አልጠይቅም፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ለአምላኩ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቆመው። እንግዲህ በጎን በር ከገቡት እንግዶችዎ አንዱ ያየውን ቢጽፍልን ውለታዎ ነው። መልሱ ከዝናቡ በኋላ ቢደርስም አይጨነቁ፤ እኔ አነብላቸዋለሁ።