አፌን አላንቀሳቅስም

ሐምሌ 14

የውሃ ማሞቂያው ተበላሽቶ ለጠጋኙ ደወልኩ። «እሺ ወንድሜ፣ ከሰዓት እመጣለሁ» አለኝ። ከሰዓት መጣ። በሩን ስከፍትለት ዓይኑ ከኋላዬ ሰው ፈለገ። «ባለቤትሽ ነበሩ የደወሉት፤ የሉም?» «ወጥተዋል» አልኩት፣ በዚያው ድምፅ። ከዚያ በኋላ ማሞቂያው ላይ እንዳፈጠጠ ሥራውን ጨርሶ ሄደ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

ጉሮሮዬን ቀዶ ጥገና ካደረግኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። እጢው ወጣ፣ ጤናዬ ተመለሰ፣ ድምፄ ግን ታች ወርዶ እዚያው ቀረ። ሻካራ... የወንድ። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ አይስተካከልም፣ ግን አይጎዳሽም። እንደ ልብሽ ተናገሪ፣ ዝፈኚ» ብሎኛል። እማዬ አታምነውም። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ፊቷ ይጨማደዳል።

ሐምሌ 16

የመስከረሙ ወቅት ዝግጅት ታወቀ። የላይኛው ሰፈር ቴአትር ቤት ሁለት አሳዛኝ ተውኔቶች ያቀርባል፤ እንደ ልማዳቸው ሁሉም ሰው ይሞታል። የተማሪዎቹ ቡድን የልጆች ሙዚቃዊ ተውኔት ይዟል። የእኛ ቡድን ደግሞ ስለ አንድ ቤት አከራይ ኮሜዲ፣ እና... «ባቡሩ ዘገየ»! ከስምንት ዓመት በኋላ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈን የሆነው። ያኔ ትኬት ቆራጯን የተጫወትኩት እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሰው ዘፈኗን ሲያንጎራጉር እሰማለሁ።

አዘጋጃችን ስም አለው፣ ግን ቆይማ ነው የምንለው። ሰላም ሲሉት እንኳ «ቆይማ» ይላል። ዛሬ በሁሉም ፊት፦ «ቆይማ፣ ትኬት ቆራጯ አንቺው ነሽ።» አጨበጨቡልኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቤት የደረስኩት በእግሬ ይሁን በሌላ ነገር አላውቅም።

ሐምሌ 18

ለካ ነገሩ ሌላ ነው።

ቆይማ ቢሮው ጠራኝ። «ቆይማ፣ ስለ ዘፈኖቹ እንዳትጨነቂ። ያኔ የቀዳነው አለ። ጥርት ያለ ነው። በፕሌይባክ ይሄዳል። አንቺ አፍሽን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።»

«በማን ድምፅ?»

«ባንቺው ነዋ። የሰው ድምፅ አልሰጠሁሽ።»

በኔው። ከስምንት ዓመት በፊት የነበረችው ትዘፍናለች፣ የዛሬዋ ደግሞ አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች። ምን መለስኩለት? «ላስብበት።» ላስብበት? ምኑን ነው የማስበው? ደሜ የፈላው ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ፤ መልሱ የሚመጣልኝ ሰውዬው ከሌለ በኋላ ነው።

ነሐሴ 3

አፍ ማንቀሳቀሱን ለሦስት ልምምድ ሞከርኩት። ከልቤ ሞከርኩት፣ እግዜር ያየዋል። ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ አውቃለሁ፤ የራሴ ነው። ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ ፈገግ እንዳለች ድምፅዋ ያስታውቃል። ምን እንዳሳቃትም አውቃለሁ። ሲቀዳ ካሜራ ያዡ ወንበር ስቶ ወድቆ ነበር።

ሰዉ ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላል። ማንን ነው የሚያደንቁት? እኔ እዚያው ቆሜ ስለኔ እንደ ሟች ይወራል። ቀናሁ። ሰው በራሱ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ደግሞስ... ቆይማ ራሱ አይደል ድርሰቱን የለወጠው? በአዲሱ ላይ ትኬት ቆራጯ ሃምሳ ሞልቷታል። ባቡሩን ስትጠብቅ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጉልበቷ ዝሏል። ድምፅዋ ብቻ ነው ሳያረጅ የቀረው?

ነሐሴ 5

ከልምምድ በኋላ ሁሉም ሄደ። ፒያኖ ተጫዋቹ ጋሼ ብቻ ቀሩ። ክዳኑን ሊዘጉ ነው ብዬ ስጠብቅ፦

«ቅኝቱን ዝቅ አድርጌ ልጫወትልሽ?»

«ምን ያደርግልኛል ጋሼ?»

«ምንም። እጄ እንዳይደርቅ ነው።»

ዘፈንኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ወለል ላይ እንደሚጎተት ወንበር ነው የወጣው። አፈርኩ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ድገሚው።» ደገምኩት። «ትንፋሽሽን እሷ በምትወስድበት አትውሰጂ፤ አንቺ በሚያጥርሽ ውሰጂ።» ደገምኩት... ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ሆነ። ድሮ «ባቡሩ ይመጣል» ብላ የምትዘፍን ሴት ነበረች። አሁን ባቡሩን የምትጣላ ሴት ናት። ወደድኳት።

ነሐሴ 9

ነገርኩት። በዚህ ጊዜ ደረጃው ላይ ሳይሆን ቆይማ ፊት ለፊት።

«አፌን አላንቀሳቅስም። ወይ ራሴ እዘፍናለሁ፣ ወይ ዘፈኑ ይቅር።»

«ቆይማ። ሰው የሚመጣው ያንን ድምፅ ሊሰማ ነው። ቢስቁብሽስ? ላንቺው ብዬ እኮ ነው።»

«ላንቺው ብዬ» የሚሉትን ነገር ዓመት ሙሉ ሰማሁት። እማዬ ስልኩን ታነሳልኛለች፣ ላንቺው ብዬ። ጎረቤቴ ሱቅ ስገባ ሳልናገር ዕቃውን ትሰጠኛለች፣ ላንቺው ብዬ። እርሜን አንድ ሰው ለራሱ ብሎ ቢያናግረኝ ምን አለ?

«ካሳቃቸው ይሳቁ» አልኩት። ልምምዱ እንደነበረው እንዲቀጥል አዞ ወጣ። እንግዲህ እንተያያለን።

ነሐሴ 17

ተያየን።

አጠቃላይ ልምምድ። ልብሱ፣ መብራቱ፣ ሁሉም። የኔ ዘፈን ተለቀቀ። ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ቆምኩ፣ አፌን ገጠምኩ። ያ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፤ እኔ ንቅንቅ አላልኩም። እስከ መጨረሻው። ቆይማን ዓይን ዓይኑን እያየሁ። አስቂኝ ነበር መሰለኝ፤ ማንም ግን አልሳቀም።

«አቁሙት» አለ። ቆይማ እንኳ አላለም። «ሚጢጢ፣ ከነገ ጀምሮ ትኬት ቆራጯ አንቺ ነሽ።»

ሚጢጢ መድረክ ላይ አቋቋም ያስተማርኳት ልጅ ናት። ወለሉን ታያለች። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፣ ቀጥ ብዬ። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ቀጥ እንዳልኩ ሄድኩ። እዚያ ግን አለቀስኩ። ሃምሳ ልትደፍን የቀረበች ሴት፣ በአደባባይ፣ በመድረክ ሜካፕ... ፊቴ ምን መስሎ እንደነበር አስቤ እንደገና አለቀስኩ።

ነሐሴ 18

እማዬ፦ «እሰይ፣ ተገላገልሽ። አሁን እረፊበት።» ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

ነሐሴ 20

በር ተንኳኳ። ሚጢጢ። ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታለች ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁ። ምን ይቅርታ... ልጅቷ ተቃጥላ ነው የመጣችው።

«እትዬ፣ እኔንም ባንቺ ድምፅ አፍሽን ክፈቺ ዝጊ አለኝ!»

«ምን?»

«ሰዉ የሚያውቀው ድምፅ እሱ ነው አለኝ። የራሴ ጉሮሮ የለኝም እንዴ?»

ሳቄ መጣ። እሷም ሳቀች። እማዬ ምን ሆናችሁ ብላ ከጓዳ ብቅ እስክትል ድረስ ሳቅን። እምቢ ብላው ነው የወጣችው።

ከዚያ ረጋ ብላ፦ «ግን ልንገርሽ፣ ሚናውን እፈልገዋለሁ። ብደብቅሽ ውሸት ነው።» ይሄን ወደድኩላት። ስታዝንልኝ ብትመጣ ኖሮ አስወጣት ነበር። «እንግዲያ ተፎካከሪኝ» አልኳት። «ሁለታችንም በሰው ፊት እንዝፈን። ካሸነፍሽ ልብሱን ራሴ አለብስሻለሁ።» አፌ ነው የተናገረው። ከሄደች በኋላ ግን አሰብኩት። ብታሸንፈኝስ? የልጅቷ ድምፅ እኮ ያምራል።

ነሐሴ 24

ሁለታችን አብረን ልምምዱ ላይ ገባን። ባልደረቦቻችን በሙሉ አሉ።

«ያ ቅጂ የኔ ጉሮሮ ነው» አልኩት ቆይማን። «ያኔ ለአንድ ወቅት ብቻ ነው የፈቀድኩት። አሁን አልፈቀድኩም። ለማንም አፍ አይሆንም።»

«ቆይማ...» አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወደ ጋሼ ፒያኖ ጠቆመን።

ሚጢጢ ዘፈነች። አሳምራ ዘፈነች። ተጨበጨበላት፣ እኔም አጨበጨብኩ። ቀጥሎ እኔ። ጋሼ ዝቅ አድርገው ጀመሩልኝ። ትንፋሼን ባጠረኝ ቦታ ወሰድኩ። ሁለት ቦታ ድምፄ ተሰነጠቀ፤ አልሸፈንኩትም። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። አንድም ሰው። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ሚጢጢ ናት የተናገረችው። «ትኬት ቆራጯ እሷ ናት። እኔ ገና ባቡር ዘግይቶብኝ አያውቅም።»  ከልቧ የምትፈልገውን ነገር ነው የሰጠችው፣ ያንን አልረሳውም።

ቆይማ ድርሰቱን መለሰልኝ። «ሰው ቢስቅ ግን እኔ የለሁበትም።»

«አትኑርበት» አልኩት።

ጳጉሜን 3

«ድምፅዋ ጠፍቷል» የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። ሁሉም የጉሮሮ ሐኪም ሆኗል። እማዬ «ምረቃው ላይ አልመጣም፣ ስትዋረጂ ማየት አልችልም» አለችኝ። ቅር አለኝ። ግን አልተውም።

መስከረም 19

ትናንት ተመረቀ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ሳወጣ ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተሰማ። አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ ረድፍ። ክው አልኩ። መስኮቱን ይዤ ነው የቆምኩት። ጋሼ መግቢያውን ደግመው ደጋግመው ይጫወታሉ፣ ይጠብቁኛል። እማዬ ልክ ነበረች? ቆይማ ልክ ነበር?

ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቴ ይባረክ። በመስኮቱ አንገቴን አወጣሁ። «ሳቃችሁን ጨርሱ» አልኩ፣ በትኬት ቆራጯ አፍ። «እጠብቃለሁ። ባቡሩ እንደሆነ አልመጣም።» አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ ይሄኛው ግን ሌላ ሳቅ ነበር። ሲያበቃ ዝም አሉ። ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ሁሉም አልወደደውም። በዕረፍቱ የወጡ አሉ። አንዲት ሴትዮ በር ላይ ጠብቃ «ድሮ ይሻል ነበር» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳታሽ። «እኔም ያንን እወደው ነበር» አልኳት። እውነቴን ነው። ቆይማ ትከሻዬን ነካ አድርጎ አለፈ።

መስከረም 21

ጠዋት። የትናንቱን ሳህን እያጠብኩ ነበር። ልዘፍን አስቤ አይደለም፤ ለካ እየዘፈንኩ ነው። ያውም ጮክ ብዬ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ከመኝታ ቤት፦

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ! ሰው ይተኛበት!»

እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አንድም ሰው ዝም በይ ብሎኝ አያውቅም። ሁሉም ይጠነቀቅልኝ ነበር፤ እማዬ ደግሞ ከሁሉም በላይ። 

«እሺ እማዬ» አልኳት።

ከመጀመሪያው ጀመርኩት።