ባለቅኔው የተናገረበት ዋሻ

ወንድሜ ዳኒራም፣ እንደምን ከርመሃል? ይህን ፖስት ካርድ የምትጽፍልኝ ሻይ ሻጯ ሱንዳሪ ናት።

በየበዓሉ እተርክላችሁ የነበረውን ያንን ታላቅ የጦርነት ታሪክ ጥንት ባለቅኔው ከተናገረበት ዋሻ ገባሁ። ጣሪያው እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ድንጋይ ነው፤ የእኛ ቤቶች የድንጋይ ክዳን ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጅ ሥራ ነው። በእጄ ዳሰስኩት።

ባለቅኔው ታሪኩን በቃሉ ሲያወርደው የጻፈለት የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ነው፤ ብዕሩ ቢሰበር የገዛ ጥርሱን ሰብሮ በዚያ ቀጠለ። ይህንን ስንት ዓመት ተርኬዋለሁ! የገባኝ ግን እዚያ ቆሜ ነው፤ ባለቅኔውም እንደ እኔ ተናጋሪ ነበር።

የመንደራችን መምህር «ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ ከሚተርክልን መጽሐፉ ቢነበብልን ይሻላል» ሲል አፍሬ ትረካዬን መተዌን ታውቃለህ። ከእንግዲህ አላፍርም።

«አባባ፣ ካርዱ ሞላ!» ትለኛለች ሱንዳሪ።

«አምላክ ሳይታክተው ጽፏል፤ አንቺ በአንድ ካርድ ታማርሪያለሽ?» አልኳት፤ ሳቀች።

ሚስትህን፣ ልጆችህን፣ ያቺን ተዋጊ ላምህን ሳይቀር ሰላም በልልኝ። ቆዳው እንዲወጠር ከበሮህን ፀሐይ ላይ አውለው። ለበዓሉ የምተርከው እኔ ነኝ። መምህሩም ብዕሩን ይዞ ይምጣ፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

ኩሻል