ስለ ብረቱ የናሜሌ ቅጠልና ስለሚዘጋው ትምህርት ቤት

ለተከበሩ የማላፓው የመምህራን ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት (ይቅርታ፣ በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ለሚሆነው ተቋም) ፕሬዚዳንት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለአዲሱ መኪናዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ካልፖይ ታሪሳ ነኝ፤ ከዋናው በርዎ ፊት ለፊት ሩዝ፣ የቆርቆሮ ዓሣና ሳሙና የምሸጠው። ነጋዴ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ማየት ልማዱ ነው፤ እኔም ያየሁትን በዕለት ማስታወሻዬ መክተብ ስለምወድ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከወሬ የተለቀመ እንዳይመስልዎ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዕድገቱ። ተቋሙ በአባቴ ዘመን የመምህራን ማሠልጠኛ ጣቢያ ነበር፤ ቀጥሎ ኮሌጅ፣ ቀጥሎ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን መንገድ ላይ ነው። የስም ሰሌዳው በሰፋ ቁጥር ከግቢው አንድ ነገር እንደሚጎድል ግን ታዝበናል። ኮሌጅ ሲሆን ሠልጣኞቹ ጎደሬ የሚተክሉበት ማሳ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ኢንስቲትዩት ሲሆን የአንደኛ ክፍል መምህራን ሥልጠና ከደረጃችን በታች ነው ተብሎ ቀረ። ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የሚጎድለውን ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ አነበብን፤ የመንደራችን ልጆች የሚማሩበት፣ ሠልጣኞችም ማስተማርን የሚለማመዱበት የግቢው ትምህርት ቤት በዚህ የትምህርት ወቅት ማብቂያ ተዘግቶ የሴኔት አዳራሽ ይሆናል። ቀድመው ስላሳወቁን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ በሩ። ባለፈው ዓመት ለምሥረታ በዓሉ ዝግጅት ከባሕር ማዶ የመጡት አማካሪዎ፣ ዘንባባ የሚመስለውን የናሜሌን ቅጠል በሰንደቅ ዓላማችን ላይ አይተው ስለወደዱት፣ ሁለት እርጥብ ቅጠል አስቆርጠው በዋናው በር ላይ አጣምረው አሳሰሩ። ናሜሌ በር ላይ ሲታሰር እዚያ ዘልቆ መግባት ክልክል እንደሆነ፣ ያንን ክልከላ ቅጠሉ ደርቆ ሳይወድቅ የሚያነሣውም የመንደሩ አለቃ ብቻ እንደሆነ፣ እዚህ ደሴት ላይ ጡት ያልጣለ ሕፃን ስለሚያውቀው ለክቡርነትዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። በበዓሉ ዕለት ከዋና ከተማ የመጡት የክብር እንግዳ መኪናቸው ከሱቄ ደጃፍ ቀጥ ብሎ ሲቆም እኔ እዚያው ነበርኩ።

ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ «ጌታዬ፣ እኔ አላልፍም። ማን እንደዘጋው እንኳ አላውቅም፤ የልጆች አባት ነኝ» አላቸው።

እንግዳውም ቅጠሉን አየት አድርገው፣ «እኔስ ልጅ የለኝም አሉህ? ዙርና በጓሮ ግባ» አሉት።

እንዲህ ሆኖ የዩኒቨርሲቲያችን የዕድገት ጉዞ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ አሳማዎች በቀደዱት አጥር በኩል ተመረቀ። ክቡርነትዎ ብቻ በዋናው በር ገቡ። ሾፌርዎ በማግሥቱ ሥራውን ስለለቀቀ ከዚያ ወዲህ መኪናውን ራስዎ ይነዳሉ፤ አነዳድዎም በጣም ተሻሽሏል።

አለቃችን ካልማታክ ነገሩ ሲነገራቸው አልተቆጡም። ከሥር የሚጠመቀውን ካቫቸውን ጠጥተው አፋቸውን ጠረጉና፣ «ያንን እኔ አላሰርኩትም። ሰውየው አንዲት አሳማና አንድ ሰሌን ይዞ ይምጣ፣ በገዛ እጁ ይስጠኝ፣ 'ሳላውቅ ነው' ይበል። ያኔውኑ ሄጄ እፈታዋለሁ። ልጅ አይደለሁ፣ ምን አኮራኝ?» አሉ። ከክቡርነትዎ ቢሮ የመጣው መልስ ቅጠሉ ጌጥ መሆኑን፣ ለአሳማ መግዣ የሚሆን የበጀት ርዕስም አለመኖሩን የሚገልጽ ነበር። እኛም ቅጠሉ ደርቆ እስኪወድቅ መጠበቅ ጀመርን። ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ክቡርነትዎ ሁለት የብረት ቅጠል አስቀጥቅጠው፣ አረንጓዴ ቀለም አስቀብተው በሩ ላይ አስበየዱት። ብረት እንደማይረግፍ ስላሰቡልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ልጆቹ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲትም እናት ልጇን በዚያ በር አላስገባችም፤ የጓሮው ቀዳዳም ከበዓሉ በኋላ ለጥበቃ ሲባል በግንብ ተደፍኗል። የአንደኛ ክፍሏ መምህርት ሌይናሳይ ጥቁር ሰሌዳዋን በግንቡ ላይ አሻግራ፣ ሱቄ አጠገብ ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር አቁማ ማስተማር ቀጠለች። ሲዘንብ ክፍሉ ወደ ሱቄ ይገባል፤ ልጆቹ በሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጠው መደመርን በቆርቆሮ ዓሣ ተምረዋል። ከዚያም የዩኒቨርሲቲነት ደረጃ ገምጋሚዎች መጥተው፣ በክቡርነትዎ መኪና አንገታቸውን ደፍተው ገብተው፣ ግቢ ውስጥ ያሉትን ባዶ ክፍሎች ጎበኙ። ለአንዱ ገምጋሚ ውኃ እየሸጥኩለት፣ «ልጆቹ እኮ እነዚያውና፣ ሲዘምሩ አይሰማህም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ እኛ የምናየው ክፍል ውስጥ ያለውን ነው» አለኝ። በኋላም ማኅበረሰቡ ለትምህርት ፍላጎት አላሳየም ተብሎ ተጻፈ። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ከማስታወቂያዎ ተረድተናል።

ሌላው ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድልድዩን ደግሞ ጎርፍ በየዓመቱ ይወስደዋል። የልጅ ልጄ ሌይሩ ማንበብ ገና መጀመሯ ነው፤ የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ገበያተኛ ታስቃለች። አባቷ «ድልድዩ በደንብ ሲሠራ እንልካታለን» ይላል። እኔም እሱን ሳሳድግ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

አራተኛ፣ ከግቢው ስለማይወጡት አዳሪ ሠልጣኞች። ልጅ የሌለበት ልምምድ እንዴት እንደሚካሄድ ከግንቡ ማዶ እንሰማለን። ባለፈው ማክሰኞ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ አንድ ሠልጣኝ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ድምፁን አቅጥኖ፣ «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ!» ሲል መንደሩ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርት ሌይናሳይ ብቻ አልሳቀችም። «ጋሽ ካልፖይ፣ ይሄ ልጅ እኮ በመጪው ዓመት ይመረቃል። እውነተኛ ልጅ ሲያለቅስበት ምን ሊያደርግ ነው?» አለችኝ። እኔ የማውቀው ስለ ሩዝ ነውና ይህን ጥያቄ ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ። እርሷን ግን መጠየቅ አይቻልዎም፤ ወደ ጥራት ማረጋገጫ ክፍል ተዛውራለች፤ ያም ክፍል ከዚያው በር ወዲያ ስለሆነ ሥራዋን ልትለቅ ነው።

አምስተኛና የመጨረሻ። የበጀት ርዕስ የለም ሲባል ሰምቼ አንዲት ግልገል አሳማና አንድ ሰሌን በራሴ ወጪ አዘጋጅቼ፣ ክቡርነትዎ ከመኪናዎ ወርደው መንገዱን ተሻግረው ለአለቃው ብቻ እንዲሰጡልኝ ለምኜ ነበር። ጉዳዩ ለባህልና ቅርስ ኮሚቴ ተመርቷል፤ ኮሚቴው የሚቋቋመው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከሆንን በኋላ ነው የሚል መልስ ደረሰኝ። አሳማዋ በዚህ መሃል አድጋለች። ሰሌኑ ላይ ልጆቹ ተቀምጠው ይማራሉ።

እኔ በበኩሌ አልከስርም፤ ሴኔት ሲሰበሰብም ብስኩት ይበላል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለጥቅሜ እንዳልሆነ ይረዱልኛል። ይለወጣል ብዬም አልጻፍኩትም። አንድ ቀን ሌይሩ ማንበብ ካልረሳች፣ ደጃፏ ላይ የነበረው ትምህርት ቤት እንዴት እንደጠፋ ታነብበው ብዬ ነው።

በታላቅ አክብሮት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ፀሐይም ዝናብም ሳይለየኝ ለክቡርነትዎ ወንበር ከፍታ ዘወትር የምጸልይ፤

ካልፖይ ታሪሳ፣ ባለሱቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልክ ቅዳሜ ደረሰና አሳማዋን ለመምህርት ሌይናሳይ መሸኛ አረድናት። አለቃ ካልማታክ፣ «የሰውየውም ድርሻ ይቀመጥ፣ ጎረቤት ነው» ብለው አስለዩ። ማንም ስለማይገባ ሥጋውን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለን ከብረቱ ቅጠል ሥር አኖርነው፤ ጠዋት ግን ውሾች ጎትተው ወደ ግቢው ሲያስገቡት ደረስኩ። እንግዲህ በዋናው በርዎ ሳይፈሩ የሚገቡት ክቡርነትዎና ውሾቹ ብቻ ናችሁ። ሴኔቱን ከእነርሱ ጋር በሰላም እንዲመሩ እመኛለሁ።