በሚካኤል ቀን የሳምኩት ደጅ

ሰኔ 12፣ ሳን ማሎ፣ ፈረንሳይ

ዛሬ የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው። ለሥልጠና ፈረንሳይ መጥቼ በዓሉን ከትውልድ ከተማዬ ከሞጣ ርቄ ስውል የመጀመሪያዬ ስለሆነ ጠዋት አገር ቤት ናፍቆኝ ነበር። አሠልጣኛችን ክሌር አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ይህችን ባለግንብ ከተማ ልታሳየኝ ይዛኝ መጣች። ከግንቡ በላይ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሳይ ግንቡ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መስሎኝ ነጠላዬን አጣፍቼ በሩን ሳምኩት።

ክሌር ግራ ገብቷት፣ «ይሄ እኮ የከተማው በር ነው» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፈርኩ።

ከሰዓት ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

«እኔም ጠዋት የሚካኤልን ደጅ ባንቺ ፈንታ ስሜልሻለሁ። ዛሬ ሁለት ደጅ ሳምሽ፤ ምን ቀረብሽ?»

ተመስገን። በሩን ስስም የነካኝ የባሕሩ ጨው አሁንም ከንፈሬ ላይ አለ፤ አልጠርገውም።